ያቺ ግማሽ ነጥብ

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልጆችን ቼዝ የማስተምርባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችን። ሰሌዳዎቻችን የሚጠቀለሉ ፕላስቲኮች ናቸው። ከአንዱ ሰሌዳ ሁለት ሩኮች ስለጠፉ በቆርኪ ተክተናቸዋል። ልጆቹ ለምደውታል፤ ቆርኪውን አንስተው "በሩክ ቼክ" ሲሉ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

የዚያን ቀን አንዷ ተማሪዬ፣ የ11 ዓመት ልጅ ናት፣ የቆየ ማህደሬን ስታገላብጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የአገር አቀፍ ሻምፒዮናው የሴቶች ውጤት ነው። ስሜን ፈልጋ አገኘችው። በጣቷ መስመሩን ተከትላ ሄደች፣ ሄደችና ዘጠነኛው ዙር ላይ ቆመች።

"ቲቸር፣ እዚህ ጋ ½ ይላል። አቻ ነው አይደል?"

"አዎ፣ አቻ ነው።"

"ከባድ ነበር?"

"አዎ፣ ከባድ ነበር" አልኳት።

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችው። ወደ ሰሌዳዋ ሄደች። እኔ ግን እዚያው እንደቆምኩ ቀረሁ። ምክንያቱም ዋሽቻታለሁ። ጨዋታው ከባድ አልነበረም። እያሸነፍኩ ነበር።

ዘጠነኛው ዙር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። የመጨረሻው ዙር ነበር፤ ከስምንት ጨዋታ 5 ነጥብ ይዣለሁ። ሜዳሊያ ከእጄ ወጥቷል። ግን 6 ነጥብ ይዤ ወደ ጎጃም መመለስ በጣም ፈልጌ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠችው የ15 ዓመት ልጅ ናት፤ እሷም 5 አላት። የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ድረስ ስባ፣ አገጯን እጇ ላይ አስደግፋ ነው የምትጫወተው። ጥቁር ይዛለች። ፈጣን ናት። ከአርባኛው እርምጃ በኋላ ኩዊኑም ሩኩም ፈረሱም ሁሉም ተበላልቶ አለቀና ንጉሥና ወታደር ብቻ ቀረን።

አቀማመጡን እስከ ዛሬ በቃሌ እይዘዋለሁ፤ ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ነው የሚናገረው። የእኔ ንጉሥ ዲ-4፣ የእሷ ዲ-6፤ ተፋጠዋል። በቀኝ በኩል ሦስት ሦስት ወታደር አለን። የእኔዎቹ ኤፍ-4፣ ጂ-3 እና ኤች-4፤ የእሷ ኤፍ-5፣ ጂ-6 እና ኤች-5። በግራ ጫፍ ግን ኤ-4 ላይ አንዲት ተጨማሪ ወታደር አለችኝ። ከፊቷ ማንም የለም።

ቼዝ የሚጫወት ሰው ይሄን ሲያይ ቶሎ ይገባዋል። ጫፍ ላይ ያለችው ወታደር ማጥመጃ ናት። ስትገፋ ጊዜ የባላጋራ ንጉሥ እሷን ለመያዝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ የኔው ንጉሥ ደግሞ በዚያ መሃል ወደ ቀኝ ዘልቆ የቀሩትን ይለቅማቸዋል። ተራው የእኔ ነበር። ሰዓቴ ላይ 4 ደቂቃ ቀርቶኛል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ 30 ሴኮንድ ይጨመራል። ይበቃል። ቆጠርኩ። እኔ ወታደሬን ኤ-5፣ እሷ ንጉሧን ሲ-6። እኔ ንጉሤን ኢ-5፣ እሷ ቢ-5። እኔ ኤፍ-6፣ እሷ ወታደሬን በላች። እኔ ጂ-6 ላይ ያለውን በላሁ። ቀጥሎ ኤፍ-5ን፣ ከዚያ ኤች-5ን። ንጉሧ ከግራ ጫፍ ተመልሶ ሲደርስ ሦስት ወታደሮቼ ቆመው ይጠብቁታል።

ትክክል ነበር። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሁንም ትክክል ነው። እጄን ዘረጋሁ።

እጄ ከወታደሯ በላይ አየር ላይ ቆመ። ከነካሁ ማንቀሳቀስ አለብኝ፤ ሕጉ ነው። እና በዚያች ቅጽበት ስድስተኛው ዙር ትዝ አለኝ። ስድስተኛው ዙር ላይ ያሸነፍኩትን ጨዋታ በአንድ የተሳሳተ ቆጠራ ተሸንፌ፣ ያን ቀን ማታ እራት ሳልበላ ነው የተኛሁት። ልቤ ጆሮዬ ላይ ይመታ ጀመር። "ብሳሳትስ?" አልኩ። አንዴ "ብሳሳትስ?" ካልክ ደግሞ ቁጥሩ ሁሉ ይበተናል። ሦስተኛ ጊዜ ልቆጥር ስሞክር መሃል ላይ ጠፋኝ። ሰዓቱ 1 ደቂቃ ከምናምን ይላል። እጄን መለስኩ። ንጉሤን አነሳሁና ወደ ኋላ፣ ዲ-3 ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ቀና ብዬ "አቻ እንውጣ?" አልኳት።

ሰዓቱን ተጫንኩ። እርምጃዎቼን የምመዘግብበት ወረቀት ላይ ከእርምጃዬ ጎን (=) ጻፍኩ፤ አቻ የጠየቀ ሰው እንደሚጽፈው። ያ ምልክት አሁንም ወረቀቱ ላይ አለ። እስክሪብቶው ከሌላው ፊደል ሁሉ ይልቅ እዚያ ጋ ጠልቋል።

ልጅቷ ቶሎ አልመለሰችም። መጀመሪያ ያየችው ሰሌዳውን ሳይሆን እኔን ነው። እውነቴን እንደሆነ ለማረጋገጥ ይመስለኛል። በሕጉ መሠረት የጠየቅሁትን መልሼ መውሰድ አልችልም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያኔ፣ ገና መልስ ሳትሰጠኝ፣ ሦስተኛው ቆጠራ ራሱን ጨረሰ። ኤ-5 ያሸንፋል። ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እምቢ ትበለኝ ብዬ ለመንኩ። እምቢ ብትለኝ ንጉሤን መልሼ አመጣው ነበር፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለቴ ጨዋታውን አላበላሸውም ነበርና።

እጇን ዘረጋችልኝ። ጨበጥኳት። ዳኛው መጥቶ ወረቀቶቹን አስፈረመን። ጠጠሮቹን ወደ ቦታቸው ስንመልስ፣ ሌሎች እየተጫወቱ ስለነበር ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"እህቴ፣ ያቺን ወታደር ብትገፊያት እኮ አልቆልኝ ነበር" አለችኝ።

ክፋት የለበትም። ስለገረማት ነው የተናገረችው። እኔ ግን ምንም መመለስ አልቻልኩም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው የዚህ ዓይነቱ ነው፤ ጎተራው ሞልቶ ሳለ ጎረቤት ደጅ ቁና ይዞ መቆም።

ሰንጠረዥ

ማታ ውጤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሁላችንም ተጋፍተን አየን። ሻምፒዮኗ ዋንጫዋን ስትቀበል ከልቤ አጨበጨብኩ። ከዚያ መስመሬን ፈለግሁ። ዘጠነኛው ዙር ላይ ½ ይላል። ከእኔ በታች ያለችውም ልጅ አንድ ዙር ላይ ½ አላት። የእሷን ጨዋታ ከጎኗ ቆሜ አይቼዋለሁ። ከአራት ሰዓት በላይ ታግላ፣ አንድ ፈረስ ጎድሏት፣ የባላጋራዋን የመጨረሻ ወታደር በልታ ያተረፈችው ግማሽ ነጥብ ነው። የእኔም ½፣ የእሷም ½። አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት መጠን።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። እኛ ጋ ይህ ወረቀትም ጨዋታውም አንድ ስም ነው ያላቸው። መስመርና ዓምድ ያለው ወረቀት ሰንጠረዥ ነው፤ አባቶቻችን የተጫወቱት ቼዝም ሰንጠረዥ ነው። እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን ድረስ በመኳንንቱ ቤት ይዘወተር ነበር። ሰሌዳው እንደ አሁኑ ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት አልነበረም፤ መስመር የተሠራበት ቀይ ጨርቅ ነው። አጀማመሩ ደግሞ ልዩ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ሰዎች እንደፈለጉ፣ እንደቻሉት ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይሄ ክፍል "ወረራ" ይባል ነበር። አጨራረሱም ክብር ነበረው፤ በሩክና በፈረስ ማት ማድረግ፣ ማለትም ንጉሡን መውጫ ማሳጣት፣ እንደ ተራ ነገር ሲታይ፣ በወታደር ማት ያደረገ ግን ይደነቅ ነበር።

ይህን ሳስብ ያቺ ኤ-4 ላይ የቀረችው ወታደሬ ትመጣብኛለች። እነዚያ ሰዎች አጠገቤ ቆመው ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር እላለሁ። ወታደር የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን

እስካሁን ያወራሁት የራሴን ጉዳይ ነው። የከበደኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። በሦስተኛው ዙር ደርሳኝ አሸንፋኛለች። በአጠቃላይ 6 ነጥብ ተኩል አግኝታ አራተኛ ወጣች። ሦስተኛ የወጣችውም 6 ነጥብ ተኩል ነው ያላት። እርስ በርስ አልተጫወቱም። እንዲህ ሲሆን ቡሆልዝ በሚባለው ይለያሉ፤ ማለትም የተጫወትሻቸው ሰዎች ሁሉ በውድድሩ ያገኙት ነጥብ ይደመርና የበለጠባት ትቀድማለች። ከብርቱ ሰዎች ጋር ተጫውታ ያንኑ ነጥብ ያመጣች ትበልጣለች ነው ነገሩ። ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን አንድ ነገር አለው። ውድድርሽ በስዊስ ሲስተም ከሆነ፣ ማለትም ሁሉም ከሁሉም ጋር ሳይሆን በየዙሩ ነጥባቸው የተቀራረበ ሰዎች የሚገናኙበት ከሆነ፣ ያንቺ ውጤት ያንቺ ብቻ አይደለም። ያሸነፉሽም ያሸነፍሻቸውም በአንቺ ነጥብ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

ይህን ሕግ አውቀዋለሁ። ለልጆቹም አስተምሬዋለሁ። ያን ቀን ግን አላሰብኩትም።

ጎሃ ጽዮን አልፈን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ገባ። መስኮት ከፈትን። ጓደኛዬ ውጤቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በእርሳስ ትደምራለች። መኪናው በየኩርባው ሲያዘነብል እርሳሷ ይንሸራተታል፤ ትጠብቅና እንደገና ትጽፋለች። እኔ ውጭ ውጭውን አያለሁ። መንገድ ዳር ዝንጀሮዎች ተቀምጠዋል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ እርሳሱ ቆመ።

ዞር ብዬ ወረቀቱን አየሁ። በኅዳጉ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጽፋለች። 44 እና 44½። የመጀመሪያው የእሷ ነው። ሁለተኛው ሦስተኛ የወጣችው። ከ44ቱ ትንሽ ቀስት ወጥቶ የእኔ መስመር ላይ ያርፋል፤ ከ44½ ደግሞ ሌላ ቀስት ወጥቶ የ15 ዓመቷ ልጅ መስመር ላይ ያርፋል። ሁለቱ ቀስቶች የሚገናኙት ዘጠነኛው ዙር ላይ ነው።

ደርሼበታለሁ። ሦስተኛዋ ሰው ያቺን ልጅ ተጫውታታለች፣ እኔን አልተጫወተችም። ጓደኛዬ እኔን ተጫውታለች፣ ልጅቷን አልደረሰቻትም። እኔ ባሸንፍ የጓደኛዬ 44 ወደ 44½ ይወጣል፤ የሌላዋ 44½ ወደ 44 ይወርዳል። የነሐሱ ሜዳሊያ ቦታ ይቀይራል። በአንድ ወታደር። በአንድ እርምጃ።

ጓደኛዬ ወረቀቱን አጣጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ከዚያው ቦርሳ ቆሎ አወጣች። መዳፌን ከፍታ ዘገነችልኝ።

"ብዪ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሽም" አለችኝ።

ደጀን እስክንደርስ ያን ቆሎ በእጄ እንደያዝኩ ነበር። ዳገቱ አልቆ ንፋሱ ሲቀዘቅዝ አንዲት አንዲት እያልኩ መብላት ጀመርኩ። ደብረ ማርቆስ ስወርድ አቀፈችኝ፤ "በርቺ፣ ለሚቀጥለው አብረን እንዘጋጃለን" አለች። መኪናው ወደ ፍኖተ ሰላም ቀጠለ። ስለ ዘጠነኛው ዙር አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልተነፈስኩም። ዓመታት አለፉ፣ አሁንም እንደዋወላለን፣ አሁንም ያን ነገር አንስተነው አናውቅም።

በፍርሃት የሰጠሁት የራሴን ነው ብዬ ነበር። የራሴ አልነበረም። ግማሹ የእሷ ነበር።

ቆጠራና ነገራ

ቢቸና አካባቢ አንድ አጎት አሉኝ፣ የቅኔ መምህር ናቸው። ዘመድም ባዳም የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኔም የኔታ እላቸዋለሁ። ለፋሲካ ስሄድ ስለ ቼዝ ይጠይቁኛል። ጨዋታውን አያውቁትም፣ ግን ሲቆጠር መስማት ይወዳሉ። በአንዱ ዓመት፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ይህን ጨዋታ ነገርኳቸው። ጓደኛዬን ዘልዬ፣ ስለ ወታደሯ ብቻ።

ዝም ብለው ሰሙኝና፣

"ቆጥረሽ ነበር?" አሉኝ።

"ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ነበር፣ የኔታ።"

"ልክ ነበር?"

"ልክ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽም?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ነው የሚያወሩት ስለ ጉባኤያቸው መሆኑ የታየኝ። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል። ያ ቆጠራ ነው። ከዚያ መጥቶ መምህሩ ፊት ይናገራል። ያ ነገራ ነው። ሁለት መስመር ጉባኤ ቃና ለመንገር የሚንቀጠቀጥ ልጅ አለ። ሌሊቱን ሙሉ የቆጠረውን ጠዋት ላይ "አልመጣልኝም የኔታ" ብሎ የሚሸሽ።

"እሱን ልጅ ምን አደርገዋለሁ?" አሉ የኔታ። "የተሳሳተውን አርመዋለሁ። የቅኔው ቤት ቢሰበርበት እጠግንለታለሁ። ያልነገረኝን ግን በምን ላርመው?"

ብዙ ሰው ሊያጽናናኝ ሞክሯል። ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲንጋፖር ላይ የዓለም ሻምፒዮኑ ዲንግ ሊረን ከተፎካካሪው ከጉኬሽ ጋር 14ኛውን፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ሲጫወት በስልክ ተሰብስበን እያየን ነበር። ጨዋታው ወደ አቻ እየሄደ ሳለ ዲንግ በ55ኛው እርምጃ ሩኩን ኤፍ-2 ላይ አደረገ። ሩክ በሩክ፣ ቢሾፕ በቢሾፕ ተበላላና የቀረውን የንጉሥና የወታደር ጨዋታ የሚያሸንፈው ጉኬሽ ሆነ። 7½ ለ6½። የ18 ዓመቱ ልጅ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። "ይኸው፣ ትልልቆቹም በወታደር ይሸነፋሉ" አሉኝ ጓደኞቼ። አመሰገንኳቸው፣ ግን የእኔ ከዚህ ይለያል። ዲንግ ተሳሳተ። እኔ አልተሳሳትኩም። ልክ የሆነውን ይዤ አልተናገርኩትም። የዲንግን ስሕተት ዓለም በሙሉ አይቶ ተማረበት። ከእኔ ኤ-5 ማን ምን ይማራል? አልተጫወትኩትማ።

ያቺ ተማሪዬ "ከባድ ነበር?" ስትለኝ "አዎ" ያልኩት ለዚህ ነው ያንገበገበኝ። እንደገና ሳልነግር ቀረሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ልጆቹን አንድ ሰሌዳ ዙሪያ ሰበሰብኳቸው። ንጉሥ ዲ-4፣ ንጉሥ ዲ-6፣ ወታደሮቹን ሁሉ በየቦታቸው ደረደርኩ። እርምጃዎቼን የመዘገብኩበትን ወረቀት ከማህደሩ አውጥቼ (=) የምትለውን አሳየኋቸው። "ባለፈው ከባድ ነበር ያልኩሽ እውነት አይደለም" አልኳት። "አሸንፌ ነበር። ፈርቼ ነው።" ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቷ ቅር ያላት አይመስልም። ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እየቆጠረች ነው። አምስተኛው እርምጃ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ግንባሯን ቋጠረች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። ልረዳት አልኩና ተውኩት። ሌላው ልጅ ሊናገር ሲል በእጄ ከለከልኩት። ጣቷን ኤ-4 ላይ አሳረፈች። ወታደሯን ገፋቻት።

ያን ቀን ማታ ፍኖተ ሰላም ደወልኩ። ሰላምታው አለቀ፣ የቤተሰብ ወሬ አለቀ። "አንድ ነገር ልነግርሽ ነው" አልኳት። "የዚያን ዓመት ዘጠነኛው ዙር..."

ትንሽ ዝም አለች። ወረቀቷ ላይ የነበሩት ሁለት ቀስቶች ፊቴ ላይ መጡ። "አቻ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። አሸንፌ ነበር። አንቺ ሜዳሊያሽን..."

"ቆይ" አለችኝ። "ቆይ፣ ሰሌዳ ላምጣ።"

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። መሳቢያ ተከፈተ። ጠጠሮቹ ተዘረገፉ፤ አንዱ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ፣ ፈልጋ አነሳችው። ተመልሳ ስትመጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"እሺ" አለች። "ነጩ ንጉሥ የት ነው ያለው?"

"ዲ-4።"

"የእሷስ?"

"ዲ-6" አልኳት።